250 ኪሎ የሚጠጋ አድቬንቸር ሞተር፦ በአንድ ቀን ሙከራ ምኑን ልየው?

ባለ650፦

ሰላም ሞተረኞች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

9 ዓመት ሙሉ ባለ አንድ ሲሊንደር 650 ስነዳ ኖሬያለሁ። ጎበዝ ሞተር ናት። ግን አስፋልት ላይ ከ110 ካለፍኩ ንዝረቱ እጄን ያደነዝዘኛል፣ ባለቤቴን ካፈናጠጥኩ ደግሞ ሞተሯን ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። አሁን ወደ ትልቁ ልሻገር ነው። አንድ ጓደኛዬ 41,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ አለው፣ ሊሸጠው ነው። "አንድ ቀን ሙሉ ውሰደው፣ እንደፈለግክ ንዳው፣ ከዚያ እናወራለን" ብሎኛል። ሁለተኛው ምርጫዬ ሆንዳ አፍሪካ ትዊን 1100 ነው።

መንገዴ ቅይጥ ነው። ከ10 ኪሎ ሜትሩ 7ቱ አስፋልት፣ የቀረው ጠጠርና ፒስታ። ዝናብ ከጣለ ጭቃም አለ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቴ 75 ኪሎ። ከሦስት ጉዞ በአንዱ ባለቤቴ ከኋላዬ አለች።

ስለዚህ ሞተር የሚነግረኝ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጉልበቱ ነው። 136 የፈረስ ጉልበት፣ 143 ኒውተን ሜትር። ጉልበቱ ይበቃኛል፣ እሱን አልጠራጠርም። እንቅልፍ የሚነሳኝ 249 ኪሎው ነው። ለእኔ የሚሆን ሞተር መሆኑን በአንድ ቀን በምን ልወቅ? የት ልንዳው፣ ምኑን ልየው?

ጠጠር_ለጠጠር፦

ወንድሜ፣ ቀኑን አውራ ጎዳና ላይ አታቃጥለው። በ120 ሲነዳ የማይጥም ትልቅ ሞተር እስካሁን አላጋጠመኝም። ክብደቱ እዚያ ይጠፋል። ተመልሶ የሚመጣው ከ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት በታች ስትሆን ነው፤ ስታዞር፣ ስታቆም፣ ወደኋላ ስትገፋ። ይህንኑ 1250 አምስት ዓመት ነድቼዋለሁ፣ ካስቸገረኝም ያስቸገረኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ገና ሞተሩን ሳታስነሳ ጀምር። ሳትወጣበት፣ ጎኑ ቆመህ መሪውን ያዝና ከቆመበት ወደኋላ ግፋው። መሬቱ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ይሁን። ከዚያ ውጣበት፣ መቀመጫውን ዝቅተኛው ላይ አድርገው። 850 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፍ ሲል 870። ባንተ ቁመት የሁለቱም እግርህ ጣቶች መሬት ይነካሉ፣ ተረከዝህ ግን አይደርስም። እሱ አያስጨንቅህ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚነዳው። የሚያስጨንቀው መሬቱ ሜዳ ያልሆነ ቀን ነው።

የደረሰብኝን ልንገርህ። ጠጠር መንገድ ላይ ከፊቴ የጭነት መኪና መጣ፣ መንገዱ ጠበበ፣ ጠርዙን ይዤ ቆምኩ። ሳጥኖቹ ሙሉ ነበሩ። ቀኝ እግሬን ሳወርድ መሬት የለም። ጎርፍ የቦረቦረው ጉድጓድ ነው፣ ስንዝር እንኳን አይሞላም። እግሬ መሬቱን እስኪያገኝ ሞተሩ አዘንብሎ ነበር፣ አንዴ ካዘነበለ ደግሞ ያን ያህል ኪሎ በክንድ አይመለስም። ቀስ ብሎ ነው የተኛው። እኔ ምንም አልሆንኩም፣ የሲሊንደሩ ክዳን ተፋቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሬን ሳላወርድ በፊት የማሳርፍበትን አየዋለሁ። አንተም ሆን ብለህ አንድ ወገኑ ዘቅዘቅ ያለ ቦታ ፈልግና ቁምበት። እዚያ ላይ ካልደነገጥክ ግማሹን ጨርሰሃል።

ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፈህ በሁለት መኪና ስፋት ውስጥ ዙር። በግራም በቀኝም። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ያዝ፣ የኋላ ፍሬኑን በስሱ እርገጥ፣ ዓይንህ የምትወጣበት አቅጣጫ ላይ ይሁን። የፊት ፍሬን እንዳትነካ! መሪው ታጥፎ ሳለ የፊት ፍሬን ከያዝክ ሞተሩ ወዲያው ይተኛል። ቦክሰር ሞተር ሲሊንደሮቹ ወደ ጎን ስለተዘረጉ ክብደቱ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ በዚህ ፍጥነት 249 የሚለው ቁጥር ካስፈራህ በላይ ቀሎ ታገኘዋለህ።

የጠጠር ቁልቁለትም አትዝለል። ቆመህ ውረድ፣ መሃሉ ላይ አቁም፣ እንደገና ተነሳ። ኤንዱሮ ሞድ (ለጠጠርና ለጭቃ የተዘጋጀው) ላይ አድርገው። የአስፋልቱ ሞድ ላይ ከተውከው ኤቢኤሱ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ ስለሚለቀው ሞተሩ የሚቆም አይመስልህም። ከ650 ለመጣ ሰው ግር የሚለው ሌላ ነገር ደግሞ ቴሌሌቨር የሚባለው የፊት ሞላው አሠራር ነው፤ ፍሬን ስትይዝ ፊቱ እንደለመድከው አይሰግድም። ምቾቱ ግሩም ነው፣ ግን የፊት ጎማው ምን እያደረገ እንደሆነ እጅህ ላይ ብዙ አይሰማህም። ለመልመድ ጊዜ ስጠው።

ጓደኛህ ከፈቀደ ደግሞ ሳር ላይ ቀስ አድርጋችሁ አስተኙትና ብቻህን አንሳው። ሞተሩን አጥፋ፣ ማርሽ ውስጥ አስገባው፣ በቀኙ ከተኛ የጎን መቆሚያውን አስቀድመህ አውጣ። ጀርባህን መቀመጫው ላይ አስደግፍ፣ አንድ እጅ መሪው ላይ፣ አንዱ የኋላ መያዣው ላይ፣ በወገብህ ሳይሆን በእግርህ እየገፋህ በትናንሽ እርምጃ ወደኋላ ሂድ። ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይተኛ ስለሚያደርገው ጂኤስ ለማንሳት ከብዙዎቹ ይሻላል። ብቻህን የማታነሳው ሞተር ይዘህ ሰው የማያልፍበት ፒስታ ውስጥ መግባት የለብህም፣ በዚህ አልደራደርም።

ሜትር_በኪሴ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን አንድ ትልቅ ነገር ተዘሏል። ሞተሩ የተስተካከለው ለማን ነው? ጓደኛህ ካንተ 20 ኪሎ የሚከብድ ከሆነ የምትነዳው የእሱን ሞላ ነው፣ "ይህ ሞተር ይነጥራል፣ ደረቅ ነው" ብለህ ትመለሳለህ።

ከመንዳትህ በፊት ለካ። መሃል መቆሚያው ላይ አቁመው፣ የኋላ ጎማው አየር ላይ ይሁን። ከጎማው አክሰል ቀጥ ብለህ ወደ ላይ እስከ አንድ ምልክት በሜትር ለካ። ከዚያ አውርደው፣ ከነልብስህና ከነሄልሜትህ ቁጭ በል፣ ሌላ ሰው ያንኑ ይለካ። ልዩነቱ ከሞላው ሙሉ ጉዞ፣ ማለትም ከላይ እስከ ታች ሊወርድ ከሚችለው፣ ሲሶ ያህል መሆን አለበት። የዚህ ሞተር የኋላ ጉዞ 200 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ከ60 እስከ 65 ሚሊ ሜትር ብትፈልግ አትሳሳትም። ባለቤትህ ስትፈናጠጥ እንደገና ለካ። ኋላው በጣም ከሰጠመ ፊቱ ይቀላል፣ መሪው ይንሳፈፋል፣ የፊት መብራቱም ዛፍ ዛፉን ነው የሚያበራው። ሞላው ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ከዳሽቦርዱ፣ ካልሆነ በእጅ በሚዞረው ቁልፍ አጥብቀው።

የጎማውን ንፋስም ሳታይ አትነሳ። ለአስፋልት ፊት 36 ኋላ 42 ፒኤስአይ ነው። እኔ ረጅም ጠጠር ውስጥ ስገባ ፊቱን ወደ 28፣ ኋላውን ወደ 30 አወርደዋለሁ። ሞተሩ ወዲያው ይረጋል፤ በተለይ እንደ ቆርቆሮ የተሸነተረ መንገድ ላይ ልዩነቱ በእጅህ ይሰማሃል። ግን አስፋልት ላይ ስትወጣ መልሰህ ሙላ፣ በረገበ ጎማ መፍጠን ጎማውን ያግለዋል። ትንሽ ፓምፕ ግዛና ሳጥን ውስጥ ጣላት።

የጭነቱንም ሂሳብ ስራው። ለ1250ው የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 465 ኪሎ ነው። 249 ሲቀነስ 216 ይቀራል። አንተ ከነልብስህ 85፣ ባለቤትህ ከነልብሷ 70 ብትሆኑ 61 ኪሎ ተረፈህ። የአሉሚኒየም ሳጥኖቹና ማሰሪያ ብረቶቻቸው 20 ያህል ይበላሉ። ዕቃ፣ ውሃ፣ መፍቻ፣ ድንኳን ሁሉ በ41 ኪሎ ማለቅ አለበት። ሰው ይህን ሳይደምር ይጭንና ሞተሩን ይወቅሳል።

ከኋላ_ተቀማጭ፦

እህታችሁ ነኝ። ራሴም እነዳለሁ፣ ግን ብዙውን ኪሎ ሜትር የሄድኩት ከባለቤቴ ኋላ ተፈናጥጬ ነው። ስለ ባለቤትህ ማንም ምንም ስላላለ ልጻፍ።

ሰፈር ውስጥ አዙረህ አትመልሳት። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ውሰዳት። ከኋላ ያለ ሰው የሚደክመው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። መጀመሪያ የጉልበቷን እጥፋት እይ፤ በጣም ከታጠፈ መውረዱ ራሱ ፈተና ነው። ቀጥሎ ንፋሱን ጠይቃት። የፊቱን መስታወት ላንተ ብለህ ስታስተካክል ንፋሱ በራስህ ላይ አልፎ የእሷን ሄልሜት እየናጠው ሊሆን ይችላል። አንተ ምንም አይሰማህም፣ እሷ አንገቷን ይዛ ትወርዳለች። ሁለት ሦስት ከፍታ ሞክሩ።

ሌላው፣ ጠጠር ላይ መንገዱን የምታየው አንተ ነህ። እኔ ጉድጓዱን የማውቀው ወገቤ ሲመታ ነው። ባለቤቴ አሁን ጉድጓድ ሲያይ ጉልበቴን አንዴ መታ ያደርጋል፣ እኔ እግር ማሳረፊያው ላይ ትንሽ ብድግ እላለሁ። ይህን ከተለማመድን ወዲህ ቀኑን ሙሉ ፒስታ ሄደን ወገቤን አላመመኝም።

ስትወጣና ስትወርድም ምልክት ይኑራችሁ። አንተ ሁለት እግርህን ተክለህ ፍሬኑን ይዘህ "ነይ" ሳትል እንዳትወጣ። ብዙ ትልቅ ሞተር የሚወድቀው ያኔ ነው፣ ቆሞ።

ቀጭን_ጎማ፦

እኔ ልቃወም ነው። 3 እጅ ጠጠርና ጭቃ ላለበት መንገድ እንደ ጂኤሱ 19 ኢንች የፊት ጎማ ለምን? አፍሪካ ትዊን 1100 መደበኛው ፊቱ 21፣ ኋላው 18 ነው፣ የፊት ሞላው ጉዞ 230 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 226 ኪሎ ገደማ። የጂኤሱ የፊት ጉዞ 190 ነው። ጉድጓድና ድንጋይ ላይ 21ዱ ይንከባለልበታል፣ 19ኙ ይጋጨዋል። አድቬንቸር ስፖርትስ የሚባለውን ግን ከእሱ ጋር እንዳታምታታው፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የፊት ጎማውን ሆንዳ ራሱ ወደ 19 ቀይሮታል፣ ለአስፋልት አድልቶ ማለት ነው። ስትጠይቅ ሞዴሉንም ዓመቱንም ለይተህ ጠይቅ።

ሁለቱንም ትልቅ ካልክ ደግሞ ያማሃ ቴኔሬ 700 አለልህ። 204 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ከሁለቱም የተሻለ ነጻነት ይሰጥሃል። መቀመጫው 875 ነው፣ እሱ ላንተ ከፍ ይላል፣ ታንከሩም 16 ሊትር ብቻ ነው።

ጠጠር_ለጠጠር፦

ቀጭን ጎማ ያለው ጠጠሩ ላይ እውነት ነው። ግን ሰውየው 7 እጅ አስፋልት፣ ከነባለቤቱ ነው ያለው። በቴኔሬ ሁለት ሰው ከነዕቃው ረጅም መንገድ ይቻላል፣ ግን አሁን ካለው 650 ብዙ አይርቅም፣ የሸሸውን ነገር መልሶ መግዛት ነው የሚሆንበት። ካቴናውንም አትርሳ፤ አፍሪካ ትዊኑም ቴኔሬውም በካቴና ነው የሚሄዱት፣ ጭቃና አቧራ ካለ ማታ ማታ ማጽዳትና መቀባት አለ። ጂኤሱ ሻፍት ነው፣ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው በካቴና ፋንታ የተሸፈነ የብረት ዘንግ ነው። የሻፍቱን ዘይት በሰዓቱ ከቀየርክ ማታ ማታ የምትሰራው የለም።

እና ከ19ና 21 በፊት ጎማው የምን ዓይነት እንደሆነ ይታይ። የአስፋልት ጎማ ያደረገ 21 ኢንች ጭቃ ላይ ከገባ ጥርሳም ጎማ ያደረገ 19 ጥሎት ይሄዳል።

ሜትር_በኪሴ፦

ያገለገለ ስለሆነ፦ ቸርኬውን በእጅህ ዙሪያውን ዳስስ፣ ጠጠር የነካ ሞተር ጠርዙ ላይ ጥምዝ አይጠፋበትም። የሲሊንደር ክዳኖቹን እይ። የፊት ሞላው ዙሪያ የፈሰሰ ዘይት እንደሌለ አረጋግጥ። የኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው፣ መላወስ የለበትም።

ባለ650፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ነዳሁት። እንደመከራችሁኝ አስፋልቱን መጨረሻ ላይ አደረግኩት።

ወደኋላ መግፋቱ ከበደኝ፣ ግን ሄደ። ዙሩ አስገረመኝ። በግራ በመጀመሪያው፣ በቀኝ በሦስተኛው ሙከራ ገባልኝ፣ ከ650ዬ ባይቀልም ሩቅ አይደለም። ሳር ላይ አስተኝተነው ብቻዬን አነሳሁት። ሁለቴ። ጓደኛዬ ፊቱን አዙሮ ቆሞ ነበር፣ ማየት አልቻለም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ሜትሩ ነው። ሁለታችን ሆነን ስንለካ 82 ሚሊ ሜትር ወረደ። መጀመሪያ ሳላስተካክል አንድ ጥምዝማዛ ላይ ሄድኩ፣ ሞተሩ መታጠፍ አይፈልግም፣ ወደ ውጭ ወደ ውጭ ይለኛል። ቁልፉን አጥብቀን 64 ላይ አመጣነውና ያንኑ መንገድ ደገምኩት። ሌላ ሞተር ነው! ባለቤቴ እንኳን "ምን አደረግከው?" አለችኝ።

ያልተመቸኝ የጠጠሩ ቁልቁለት ነው። ብቻዬን ደህና ነበርኩ። እሷ ከኋላ ሆና መሃሉ ላይ ስቆም ግራ እግሬ በጣት ብቻ ነበር የነካው፣ ጠጠሩ ከስሩ ተንሸራተተ፣ በጉልበቴ ነው የያዝኩት። እንድትወርድ ጠየቅኳት፣ በእግሯ ወረደች፣ እኔ ታች ጠበቅኳት። ዝቅ ያለው መቀመጫ 820 ላይ ይወርዳል አሉ፣ ጓደኛዬ ከሌላ ሰው ሊዋስልኝ ነው።

የሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ መደበኛውን አፍሪካ ትዊን አገኛለሁ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት፣ ሜትሩን ይዤ ነው የምሄደው። ያቺ ቁልቁለት ላይ እሷን ሳላወርድ ማቆምና መነሳት ከቻልኩ በሻፍቱ ፋንታ ካቴና መቀባቱን እቀበላለሁ። የሁለቱን ልኬት እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።