የተማሪዎችን ዓይን ትምህርት ቤት ውስጥ መለካት፦ ክፍሉ 6 ሜትር ካልሞላስ?

ጠመኔ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆችን እይታ ልንለካ ነው። የ«ኢ» ሰንጠረዥ (የእንግሊዝኛው E ወደ ተለያየ አቅጣጫ ዞሮ የተጻፈበት የእይታ መለኪያ) አውርደን አሳትመናል፤ ክፍሉ ግን 5 ሜትር አይሞላም። 3 ሜትር ላይ ብናቆማቸው ችግር አለው? ማንን ነው ወደ ሕክምና የምንልከው?

ሌንስ፦
ችግር አለው። ለ6 ሜትር የተሠራ ሰንጠረዥ 3 ሜትር ላይ ሲቆሙለት ፊደሉ እጥፍ ሆኖ ይታያል። 6/12ን (ጤነኛ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር ማንበብ ማለት ነው) አነበበ ያላችሁት ልጅ እይታው ገና 6/24 ሊሆን ይችላል፤ ማለትም የምትፈልጉት ልጅ አመለጣችሁ። ውጭ ጥላ ሥር አድርጉት፣ ርቀቱንም በሜትር እንጂ በእርምጃ አትለኩ።

ወረቀቱንም በማስመሪያ አረጋግጡ። የ6/12 መስመር «ኢ» ቁመቱ 17.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አታሚ ማሽን ብዙ ጊዜ ያሳንሰዋል።

ቀኝ ዓይን ይቅደም። ግራው በመዳፍ ይሸፈን እንጂ በጣት አይሁን፤ በጣቶቹ መሃል ያጮልቃል። ዓይኑንም አይጫነው፤ ከተጫነው ሲገልጠው ይደበዝዝበታል። የ«ኢ» እግሮች ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳይ፤ ከ5ቱ 4ቱን ካገኘ አልፏል። አጨንቁሮ ካነበበ ግን አይያዝለትም፣ ማጨንቆር እይታን ለጊዜው ያጠራል። ተራ የሚጠብቁት ሰንጠረዡን አይዩ፣ ይሸመድዱታል። ከሁለቱ ዓይኖች አንዱ እንኳ 6/12ን ካላለፈ ይላክ።

ጤና ጣቢያ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁር ካርቶን ላይ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ብሱና ያልቻለው ልጅ በዚያ ይይ። ከተሻለው ጉዳዩ በአብዛኛው የመነጽር ነው። ካልተሻለው ሌላ ሕመም ሊኖር ስለሚችል ቶሎ ይታይ።

ሰንጠረዥ የማያስፈልጋቸውም አሉ። ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር የሚታይ ልጅ በዚያው ቀን ይላክ፤ ሞራ ወይም የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሸውራራም ይላክ። ሲመሽ የሚደናቀፍ ልጅ ዳፍንት ሊሆን ይችላል፣ ቫይታሚን ኤ ማነስ ይጠረጠራል። ዓይኑን ሁልጊዜ ለሚያሽ ልጅ ደግሞ ወላጆች ከመድኃኒት ቤት ዴክሳሜታዞን ጠብታ እየገዙ ወራት እንዳያደርጉለት ንገሯቸው። ማሳከኩ ይታገሣል፣ የዓይን ግፊቱ ግን ሳይታወቅ ጨምሮ ነርቩን ይጎዳል።

ጠመኔ፦
እግዜር ይስጥልን። «መነጽር ዓይን ያሰንፋል» ለሚሉ ወላጆችስ ምን እንበል?

ሌንስ፦
የመነጽሩ ቁጥር የሚጨምረው ልጁ ሲያድግ የዓይኑ ኳስ ስለሚረዝም ነው፤ መነጽሩ አያመጣውም። እንዲያውም ዓይን የሚሰንፈው ሳይታረም ሲቀር ነው። አንዱ ዓይን ደካማ ከሆነ አእምሮ እሱን መጠቀም ይተዋል፤ ልጁ በሌላው ስለሚያይ ማንም አያውቅም። ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በኋላ ማስተካከሉ እየከበደ ይሄዳል።

ወላጆች የሚሰጉበት አንድ እውነት ግን አለ፤ ከልክ ያለፈ የማይነስ ቁጥር (ሩቅ ለማይታየው የሚሰጥ መነጽር)። የልጅ ዓይን ሲለካ ራሱን ስለሚያጠብቅ፣ በማሽን ብቻ የተለካ ቁጥር ይጋነንና ራስ ያሳምማል። ስለዚህ ሳይክሎፔንቶሌት የሚባል፣ ዓይኑ ራሱን እንዳያጠብቅ የሚያደርግ ጠብታ ተደርጎ እንዲለካ ይጠይቁ። ከጠብታው በኋላ ቅርቡ እስከ ማግስቱ ይደበዝዛል፣ ብርሃንም ይወጋዋል፤ በዚያ ቀን ፈተና አታድርጉ።