የማኒፎልድ ስታድ ቴስታታ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ፤ ቴስታታው ሳይወርድ ይወጣል?

ኮምቦልቻ_ኮሮላ
ሰላም ጀመዓ። መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት፣ ቤንዚን፣ ቴስታታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም። የጭስ ማኒፎልዱን ጋስኬት ለመቀየር ዳዶዎቹን ስፈታ በካምቢዮ በኩል ያለው የመጨረሻው ስታድ (ማኒፎልዱን የሚይዘው ራስ አልባ ብሎን) ተቀነጠሰ። የቀረው ቁራጭ ከቴስታታው ፊት ጋር እኩል ስለሆነ በግሪፕ የሚያዝ ነገር የለውም። ከሱ ቀጥሎ ያለው ዳዶም ክፉኛ ዝጓል፣ ማዕዘኑ መበላት ጀምሯል፤ እሱን ገና አልነካሁትም። እጄ ላይ ድሪል፣ የፑንታ (የመሰርሰሪያ ብረት) ስብስብ፣ አንድ ኤክስትራክተር (የተሰበረ ብሎን ማውጫ)፣ ትንሽ የቡታ ጋዝ ማቃጠያም አለ። በኤክስትራክተሩ ልሞክር? ሁለተኛውንስ ሳልሰብር እንዴት ልፍታው? ማኒፎልዱን መልሼ አስሬ እንዲህ እንዳለች ደሴ ድረስ ብነዳትስ?

ጦሳ_ሜካኒክ
አብሽር ወንድሜ፣ ይወጣል። ግን ካልተሰበረው ጀምር፤ ሁለት የተሰበረ ስታድ ከአንድ በጣም ይከብዳል።

ከዳዶው ወጥቶ የሚታየውን የስታድ ጥርስ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ አጽዳ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ዳዶው ከተላቀቀ በኋላ ዝገቱን እየጨፈለቀ ሄዶ መንገድ ላይ የሚነክሰው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል ቀላቅልና ዳዶው ሥር ጠብ ጠብ አድርግ። ሁለቱ ስለሚለያዩ በየጊዜው መወዝወዝ አለበት። አሴቶን ካጣህ ነጭ ጋዝም ይሠራል፣ ግን ይዘገያል። ማታ አድርገህ ጠዋት ተመለስ፤ በመሀል የዳዶውን ጎኖች በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ አድርጋቸው። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል፤ ካልተነቃነቀ ዘይቱ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ቡሶላው (ዳዶው ላይ የሚሰካው ቁልፍ) ባለ 6 ማዕዘን ይሁን። ባለ 12ቱ የሚይዘው ጫፍ ጫፉን ብቻ ስለሆነ የቀረውን ማዕዘን ይልጠዋል።

እምቢ ካለ እሳት ነው። በቅድሚያ ዘይቱንና አሴቶኑን በደንብ ጥረግ፣ ሥራውን ደጅ አድርገው፣ የቤንዚን ቱቦዎችን ተመልከት። የሚሞቀው ዳዶው ነው፣ ስታዱ አይደለም፤ ዳዶው ሲሰፋ ስታዱን ይለቀዋል። ያንተ ትንሽ ማቃጠያ የሚበቃ አይመስለኝም፣ ማኒፎልዱ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ኦክስጅን ያለው ጋራዥ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን በአንድ ደቂቃ ያደርሰዋል። ነበልባሉን ወደ ቴስታታው እንዳታዞር! ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ የቴስታታ ቅይጥ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ፤ እንደ ብረት ቀልቶም አያስጠነቅቅም።

እንደሞቀ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ግፋው፣ ቀጭ ሲል ወደ መፍቻው። ሩብ ዙር ፍታ፣ መልስ፣ ዘይት ጨምር፣ እንደገና። ቁልፉ እየሄደ ዳዶው ግን እንደ ላስቲክ ተለጥጦ የሚመለስ ከመሰለህ አቁም፤ ስታዱ እየተጠመዘዘ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው መሰበር ነው። ያኔ ዳዶውን በስካልፔሎ (በብረት መሮ) ሰንጥቀው። ዳዶ ርካሽ ነው። ስታዱ ከነዳዶው ተጠምዝዞ ከወጣ ደግሞ እሰየው።

ብየዳ_ቦርከና
ለተሰበረው መድኃኒቱ ብየዳ ነው። ፊቱ እኩል ቢሆንም ይይዛል።

ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ፣ የዲናሞውንም ሶኬት ንቀል። የብየዳውን መሬት እዚያው ቴስታታው አጠገብ ያዝ። ቀዳዳው ከስታዱ ትንሽ ጠበብ ያለ ሮንዴላ (ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) ቁራጩ ላይ አስቀምጥና ከመሀል ጀምረህ ስታዱን ከሮንዴላው አጣብቅ። ከላይ ከስታዱ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ዳዶ አድርገህ ውስጡን ሙላው። ሲኦቱ ማሽን (በጋዝና በሽቦ የሚበይደው) ካለ ይመረጣል፤ በኤሌክትሮድ ከሆነ 2.5 ሚሊ፣ አጭር አጭር አድርገህ። የብረት ብየዳ አሉሚኒየም ላይ አይጣበቅም፣ ያ ለኛ ጥሩ ነው፤ ግን አርኩ ከስታዱ ካመለጠ አሉሚኒየሙን ይበሳዋልና እጅህ ከመሀል አይውጣ።

ቅላቱ እንደጠፋ፣ ገና ትኩስ እያለ ዳዶው ሥር ሻማ አስነካው። ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ይሰርጋል። ከዚያ በቁልፍ ወዲያ ወዲህ፣ በትንሹ። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ቴስታታው ትኩስ ሳለ ቀዳዳው ላላ ይላል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ የጠበቀ ይህን ዕድል ያጣዋል። ብየዳው ተነቅሎ ዳዶው ባዶውን ቢወጣ ተስፋ አትቁረጥ፣ ድገመው። ዝገቱን የሚሰብረው ጉልበትህ ሳይሆን በየጊዜው መሞቅና መቀዝቀዙ ነው፤ በሦስተኛው በአራተኛው እሺ የሚለው ብዙ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቦታውን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አጽድቶ መበየድ የለም። ክሎሪን ያለበት ዓይነት በብየዳ ሙቀት ፎስጂን የሚባል ሳንባ የሚያበላሽ መርዝ ይሆናል። በሽቦ ብሩሽና በአሴቶን አጽዳ፣ አሴቶኑ በንኖ እስኪያልቅ ጠብቅ።

ቶርኖ_ደሴ
በብየዳው እስማማለሁ፤ ኤክስትራክተሩን ግን መልሰህ ሳጥኑ ውስጥ ክተተው። እስቲ አስበው፦ ስታዱ በሙሉ ውፍረቱ ተይዞ አልዞር ብሎ ነው የተሰበረው፤ መሀሉ ላይ በተቦረቦረ ቀዳዳ የሚገባ 4 ሚሊ ብረት እንዴት ያዞረዋል? ባለ ሾጣጣው ዓይነት ሲጠብቅ ጭራሽ ስታዱን ወደ ጎን ገፍቶ ከቀዳዳው ጋር ያጣብቀዋል። ውስጥ ከተሰበረ ደግሞ የጠነከረ ብረት ስለሆነ ተራ ፑንታ አይበሳውም፤ ካርባይድ ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚቦረቡር ማሽን ይጠይቃል። ኤክስትራክተር የሚያወጣው ጠብቆ ሳይሆን ተመትቶ የተሰበረን፣ ያልዛገን ብሎን ነው።

የሚበይድ ካጣህ መሰርሰር ነው፣ ትልቁ ችግር መሀሉን መያዝ ነው። የተሰበረ ስታድ ፊቱ ወጣ ገባ ስለሆነ ፑንታው ይንሸራተታል፣ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ደግሞ ለስላሳውን አሉሚኒየም መርጦ ወደዚያ ያመልጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቶርኖ ቤት ሂድና ውጩ በማኒፎልዱ የስታድ ቀዳዳ ልክ የሚገባ፣ መሀሉ 3 ሚሊ የተበሳ የብረት ቡሽ (አጭር ቱቦ) አስቀርጽ። ማኒፎልዱን በቀሩት ስታዶች እሰር፣ ቡሹን ክተት፣ በሱ ውስጥ ሰርስር። መሀሉን ራሱ ያገኝልሃል።

ድሪሉ በዝግታ ይዙር፣ ግፊት ይኑረው፣ ዘይት አይለየው። ፈጥኖ የሚዞር ፑንታ ብረቱን ያጠነክረውና ከዚያ በኋላ አይቆርጥም። ወደ ግራ የሚቆርጥ ፑንታ ካገኘህ በሱ ጀምር፤ ስታዱ አንዳንዴ እየተሰረሰረ ራሱ ይዞ ይወጣል። ጥርሱን ለማወቅ ከጎን ያለውን ጤነኛ ስታድ ለካ። 8 ሚሊ በ1.25 ከሆነ (1.25 ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት ነው) 3፣ 5፣ 6.5 እያልክ አስፋ፣ የቀረውን ስስ ቅርፊት በሹል ነገር ወደ ውስጥ አጥፈህ ልቀመው፣ ከዚያ ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ) አስገባ፤ ለአዲስ ጥርስ የሚፈለገው ቀዳዳ 6.8 ነው። 10 ሚሊ በ1.25 ከሆነ 8.8። ማስኪዮ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ፤ እሱም ከተሰበረ እንደ ኤክስትራክተሩ ነው። የቀዳዳውን ጥልቀት በፑንታው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግ፣ ካለፍክ የውኃ መተላለፊያው አለ። ጥርሱ ከተበላ የሽቦ ጥርስ ስብስብ (የተበላውን ጥርስ የሚተካ የሽቦ ጥቅል) ይገዛል፤ ማስኪዮው የራሱ ስለሆነ ስብስቡ ላይ የተጻፈውን የፑንታ ቁጥር ተከተል።

ኮምቦልቻ_ኮሮላ
አላህ ይስጥልኝ። ነገ በብየዳ እሞክራለሁ። መንዳቱን በተመለከተ ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ጦሳ_ሜካኒክ
አትንዳት። መጨረሻው ስታድ ከሌለ ጭሱ በዚያ ጥግ ያፈሳል፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ደግሞ መንገዱ ሙሉ ዳገት ነው። የሐረጎን ዳገት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ስትወጣ ማኒፎልዱ ከሁሉ በላይ የሚግልበት ሰዓት ነው። የሚያፈሰው ትኩስ ጭስ አዲሱን ጋስኬት ይበላል፣ የቴስታታውን ፊት ይልሰዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በብርዱ መስኮት ዘግተህ ስትሄድ ወደ ውስጥ ይገባል። የሚበይደውን ሰው እዚያው ኮምቦልቻ አስመጣ፣ ከጠፋ አስጎትታት።

ስትገጥም ደግሞ፦ የመጨረሻዎቹ ስታዶች ቀድመው የሚሰበሩት ማኒፎልዱ ሲግል በርዝመቱ ስለሚለጠጥና ጫፎቹ ላይ ከሁሉ በላይ ስለሚገፋ ነው። ስለዚህ ፊቱን በቀጥ ያለ ብረት ፈትሽ። ከጎበጠ ቶርኖ ቤት ይላጭ፤ ያን ሳታደርግ አዲስ ስታድ ብትከት ዳዶው ሲጠብቅ ራሱ ያጎብጠዋል፣ ያው ይሰበራል። ስታዶቹን ሁሉንም ቀይር፣ ለማኒፎልድ የተሠሩ ይሁኑ፤ የግንባታ ዕቃ መደብር ብሎን ያን ሙቀት አይችልም። ጥርሱን የመዳብ ግራሶ በስሱ ቀባ። የማጥበቂያው ልክ በሞተሩ ማኑዋል ነው። ቁጥሩ ለደረቅ ጥርስ የተሰጠ ከሆነ ከግራሶ ጋር በአምስተኛ ያህል ቀንሰው፣ ግራሶው ቁልፉን ስለሚያታልል በዚያው ቁጥር ስታዱ ከሚገባው በላይ ይሳባል። ከመሀል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር አጥብቅ።

ብየዳ_ቦርከና
ያው ግራሶ የጎማ ስታድ ላይ እንዳይደርስ፤ የኮሮላ የጎማ ዳዶ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ ደረቅ ጥርስ ላይ። ማኒፎልዱን ደግሞ አንዴ በደንብ ካሞቅሃት በኋላ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ፣ ጠዋት ላይ በድጋሚ በቶርክ ቁልፍ ፈትሸው።