ከቶኪዮ ወጣ ብሎ ካናዛዋ ያዋጣል?

የፒያሳው፦ ሰላም ወገን! ለሥራ ቶኪዮ ልሄድ ነው፣ ከዚያ ጥቂት የዕረፍት ቀናት አሉኝ። ኪዮቶ በቱሪስት ተጨናንቋል ይላሉ። ታሪክም ምግብም ተፈጥሮም ያለው ረጋ ያለ ከተማ ነው የምፈልገው። ካናዛዋን የሚያውቅ አለ? ኅዳር መጨረሻ ስለሆነ ደግሞ ጾም ላይ ነኝ።

አራት ኪሎ፦ ሂድ፣ አታመንታ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ከቶኪዮ በ2 ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርስሃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስላልተደበደበ የድሮ ሰፈሮቹ አሉ፤ ናጋማቺ የሳሙራዮቹ ሰፈር ነው፣ ሂጋሺ ቻያ ደግሞ በእንጨት የተሠሩ የሻይ ቤቶች። የማኤዳ መሳፍንት ያሠሩትን የኬንሮኩኤን የአትክልት ስፍራ በጠዋት ግባበት። በዚያ ወቅት በረዶ ቅርንጫፍ እንዳይሰብር ጥዶቹን ከላይ በገመድ ወጥረው ያስሯቸዋል፣ እኔ ለሱ ብቻ ብዬም እሄዳለሁ።

ካዛንቺስ፦ ምግቡ ላይ ተጠንቀቅ። ኦሚቾ ገበያ የዓሣና የሸርጣን አገር ነው። አትክልት ብቻ ነው ብለው የሚያቀርቡልህ ሾርባ እንኳ ብዙ ጊዜ በደረቅ ዓሣ መረቅ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ሳትጠይቅ አትብላ። ሾጂን ርዮሪ የሚባለው የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ግን ሥጋም ዓሣም የለውም። የጃፓን ስስ የወርቅ ቅጠል ከሞላ ጎደል የሚሠራው እዚያው ስለሆነ አይስክሬም ላይ ሳይቀር ይለብጡታል፤ ወተት ነው፣ ለአንተ አይሆንም። ወርቁም ቢሆን ጣዕም የለው!

የፒያሳው፦ ሃሃ፣ አይስክሬሙ ይቅርብኝ። ተፈጥሮስ?

አራት ኪሎ፦ ሺራካዋ-ጎ። በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ተራራ መሃል ያለ መንደር ነው፣ የሣር ክዳን ቤቶቹን ዩኔስኮ በ1995 እ.ኤ.አ. መዝግቧቸዋል። የአውቶቡሱን ወንበር ቀድመህ ያዝ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማም አትርሳ።