ሳልሞን ስንቆጥር ኖረን ሳልሞኑ መቼ ነው የሚድነው?

ቦቲዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ያለሁት ዋሽንግተን ስቴት፣ ፑጀት ሳውንድ አካባቢ ነው። ዘንድሮ ከመስከረም ጀምሮ ቺኑክ የሚባለውን የሳልሞን ዓሣ ዓይነት ከሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር ወንዝ ለወንዝ እየዞርኩ ነው። ሥራው ደስ ይላል፣ ሽታው ግን አይጣል ነው። እስከ ደረት የሚደርስ ቦቲ አድርገን ውሃው ውስጥ እንሄዳለን። ዓሣዋ በጅራቷ ጠጠሩን ቆፍራ እንቁላል የጣለችበትን ጉድጓድ እንፈልጋለን። ዓይን ከለመደ ያስታውቃል፤ ዙሪያው ያለው ጠጠር ጠቁሮ ያ ቦታ ብቻ የታጠበ ይመስላል። አጠገቡ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ደማቅ ሪባን አስረን ቀኑን እንጽፍበታለን። የሞተ ዓሣ ስናገኝ ርዝመቱን እንለካለን፣ ሆዱን ቀደን እናያለን፣ ቅርፊት እንነቅላለን፣ አፍንጫው ላይ መመርመሪያ እናሳልፋለን፣ በመጨረሻ ጅራቱን ቆርጠን ወደ ውሃው እንመልሰዋለን።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የፑጀት ሳውንድ ቺኑክ በፌዴራል ሕግ «ስጋት ላይ ያለ» ተብሎ የተመዘገበው በ1999 ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ ወዲህ ይቆጠራል፣ ይቆጠራል፣ አሁንም ዝርዝሩ ላይ ነው። ታዲያ ለቆጠራ የሚወጣው ገንዘብ ለምን ወንዝ ዳር ዛፍ መትከያና የተዘጋ ቦይ መክፈቻ አይሆንም? ቁጥሩስ ማን ጋ ሄዶ ምን ይለውጣል? አስተባባሪያችንን ስጠይቀው «ዳታው ይጠቅማል» ብሎኝ አለፈ። ለምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳኝ አለ?

ጠጠር፦
እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። እኔ ኑሮዬ በዚሁ ሥራ ላይ ነው፣ እንዲህ ያለ መልስ እኔንም ያበሽቀኛል።

ከትንሹ ልጀምር። ጅራቱ የሚቆረጠው በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ሰው ያንኑ ሬሳ እንደ አዲስ እንዳይቆጥረው ነው። የአፍንጫው ምርመራ ደግሞ ሌላ ነው። ማራቢያ ጣቢያ የተፈለፈሉ ብዙ ዓሦች ገና ጫጩት ሳሉ አፍንጫቸው ውስጥ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማትበልጥ ሽቦ ትገባላቸዋለች። ሽቦዋ ላይ ቁጥር አለ፣ የሚነበበው በማይክሮስኮፕ ነው። መመርመሪያው ከጮኸ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ወደ ላብራቶሪ የሚሄደው ለዚህ ነው። ጀርባው ላይ ወደ ጅራቱ ጠጋ ያለችው ትንሽዬ ክንፍ ከሌለችም የጣቢያ ዓሣ ነው ማለት ነው፣ ሆን ተብሎ ነው የምትቆረጠው። ይሄ ለምን አስፈለገ? እንበልና ወንዛችሁ 1,000 ዓሣ ተመለሰለት። ሰው «ጎሽ፣ አገገመ» ይላል። ከሺሁ 800ው ከጣቢያ የመጣ ከሆነ ግን ወንዙ ራሱ ያሳደገው 200 ብቻ ነው። ጣቢያው በተዘጋ ማግስት ጉዱ ይወጣል።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የተመለሰውን ትልቅ ዓሣ ብቻ መቁጠር ዓሣው መቀነሱን ይነግርሻል እንጂ የት እንደሚያልቅ አይነግርሽም። ቺኑክ ወንዝ ውስጥ ተፈልፍሎ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ እዚያ ያድጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሲሆነው ተመልሶ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። አንዷ ሴት በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ ተርፈው የሚመለሱት ጥቂት ናቸው። መሞቱማ ያለ ነው፣ ጥያቄው ከልክ በላይ የሚሞተው የቱ ጋ ነው የሚለው ነው።

ስለዚህ ሁለት ቆጠራ ያስፈልጋል፤ የሚገባውና የሚወጣው። የሚወጣውን የሚቆጥር ወጥመድ አለ፣ ከታች በኩል አይተሽው ይሆናል። ተንሳፋፊ ላይ የታሰረ፣ በውሃው ግፊት ብቻ የሚሽከረከር ትልቅ የብረት ሾጣጣ ነው። ጫጩቱ በሰፊው አፉ ይገባና ኋላ ያለው ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጠዋት ተቆጥሮ ይለቀቃል። ወጥመዱ ሁሉንም እንደማይዝ ግልጽ ነው። እናም የተያዙትን ጥቂቶቹን ምልክት አድርገው ወደ ላይ ወስደው እንደገና ይለቋቸዋል። ከ100 ምልክት ያላቸው 10 ተመልሰው ከተያዙ ወጥመዱ ከሚያልፈው አንድ አስረኛውን ይይዛል ማለት ነው፤ ስለዚህ 500 ከያዘ ያለፈው 5,000 ገደማ ነው። ይህን አንቺ በሪባን ለምትቆጥሪው ጉድጓድ ስናካፍለው፣ በአንድ ጉድጓድ ስንት ጫጩት ወንዙን በሕይወት ለቆ እንደወጣ እናውቃለን።

ያ ቁጥር ከወረደ ችግሩ ወንዙ ውስጥ ነው፤ ጎርፍ ጠጠሩን እየጠረገው ይሆናል፣ ደለል እንቁላሉን እያፈነው ይሆናል፣ ውሃው ሞቆ ይሆናል። ጫጩቱ በደህና ወጥቶ ትልቁ ካልተመለሰ ግን ችግሩ ወንዙ ባሕር ከሚገናኝበት ጀምሮ ወደዚያ ነው፣ ዓሣ ማጥመዱንም ጨምሮ። ባሕር ላይ ለሚያልቅ ዓሣ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ዛፍ ብትተክይለት፣ ዛፉ ጥሩ ነገር ነው፣ ዓሣው ግን አይተርፍም።

ግድብ ይፍረስ፦
ጠጠር፣ ያልከው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ፣ ቦነቪል ግድብ፣ ከ1938 ጀምሮ ዓሣ ይቆጠራል። አይዳሆ ሬድፊሽ ሐይቅ ድረስ ደግሞ በ1992 የደረሰው ሶክአይ ሳልሞን አንድ ብቻ ነበር። «ብቸኛው ላሪ» አሉት። ያንን ለመቁጠር እኮ ባለሙያ አያስፈልግም፣ አንድ ጣት ይበቃል! ከባሕር እስከዚያ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፣ መሃሉ ላይ 8 ግድብ አለ። ማን ያላወቀ አለ? ቆጠራ ለፖለቲከኛ ጥሩ መሸሸጊያ ነው። «ገና ጥናት ላይ ነን» እያለ ጡረታው ይደርሳል። ቦቲዋ የጠየቀችው እሱን ይመስለኛል።

ጠጠር፦
ቁጥሩን ይዞ የሚተኛ እንዳለ አልክድም። ግን ላሪን ራሱን ተመልከተው። ሶክአዩ ወደ ማለቁ መሆኑ በቆጠራ ስለታወቀ በ1991 በምርኮ የማራባት ሥራ ተጀመረ፣ የላሪም ዘር ተቀምጦ ለዚያ ዋለ። ቆጣሪ ባይኖር ኖሮ ላሪ ሐይቁ ውስጥ ብቻውን ሞቶ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ግድቡንም በተመለከተ፣ አንተ የምትከራከርበት ቁጥር ከየት የመጣ ይመስልሃል? ጫጩቶቹ ሆድ ውስጥ ፒት ታግ የሚባል መለያ ይገባል። የሩዝ ፍሬ የምታህል ናት፣ ባትሪ የላትም፤ ዓሣው በአንቴና አጠገብ ባለፈ ቁጥር መለያ ቁጥሯን ትናገራለች። በዚህ ነው ከወረዱት መቶ ጫጩቶች ስንቱ ትልቅ ሆኖ እንደተመለሰ የሚታወቀው። የሰሜን ምዕራብ የኃይልና ጥበቃ ምክር ቤት ያስቀመጠው ግብ ከ2 እስከ 6 በመቶ ነው። ኮሎምቢያ ውስጥ የሚገባው የስኔክ ወንዝ የዱር ቺኑክ አብዛኛውን ዓመት 2 በመቶውን እንኳ አይሞላም። «ግድቡ ይፍረስ» የሚሉት ወገኖች ፍርድ ቤት ይዘውት የሚገቡት እንዲህ ያለውን መረጃ ነው።

ግድብ ይፍረስ፦
እሺ፣ በዚህኛው ረታኸኝ። ስሜን ግን አልቀይርም 😄

ካፊያ፦
እኔ የሬሳ ቆጠራን ጥቅም ያመንኩት ኮሆ በሚባለው የሳልሞን ዓይነት ነው። ሲያትል ከተማ ውስጥ ሎንግፌሎው የሚባል ጅረት አለ። አካባቢው ላሉ ጅረቶች ብዙ ገንዘብ ወጥቶ፣ አልጋቸው ተስተካክሎ ኮሆው መመለስ ጀመረ። ከዚያ ዝናብ በጣለ ቁጥር ዓሣው አፉን ከፍቶ ውሃው ላይ እየተንገዳገደ በሰዓታት ውስጥ ይሞት ጀመር። ሴቶቹን ሲቀድዷቸው እንቁላሉ ሳይነካ ሆዳቸው ውስጥ ነው! አንዳንድ ዓመት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲህ ነበሩ። ቦቲዋ፣ ሆድ የምትቀዱት ለዚህ ነው። ሳልሞን እንቁላሉን ጥሎ ይሞት የለ? ከላይ ብቻ ለሚያይ ሰው የሞተ ሳልሞን ምኑም አይገርም።

በዚያው ጅረት ቸም የሚባለው ሳልሞን ምንም አይሆንም ነበር። ይሄ ደግሞ ተመራማሪዎቹን አስጨነቃቸው። ዓመታት ፈጅቶ በ2020 መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው ይፋ ሆነ፤ የመኪና ጎማ። ጎማ ቶሎ እንዳይሰነጣጠቅ 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል፣ እሱ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ 6ፒፒዲ-ኪኖን ይሆናል፣ ዝናቡ ከአስፋልቱ አጥቦ ጅረት ይከተዋል። የመንገዱን ጎርፍ በአፈር አጣርቶ መልቀቅ ኮሆውን ከሞት እንደሚያተርፈው በሙከራ ታይቷል። ሆድ ባይቀደድ ኖሮ እስካሁን ድንጋይና ግንድ እየደረደርን ነበር።

ቦቲዋ፦
እናንተ ሰዎች! አሁን ሬሳ ስቀድ በሌላ ዓይን ነው የማየው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ቁጥሩ በፍጥነት ውሳኔ ያስለወጠበት ቦታ አለ? ሃያ ዓመት ሳይጠብቅ ማለቴ ነው።

ኩሬ፦
ካሊፎርኒያ ነኝ፣ እኛ ጋ አለ። ሳክራሜንቶ ወንዝ ላይ የክረምት ቺኑክ የሚባል አለ፤ ስሙ ወንዙ ውስጥ በክረምት ስለሚገባ ነው እንጂ እንቁላሉን የሚጥለው በበጋው ሙቀት ነው። ድሮ ቀዝቃዛ ምንጭ ያለበት ተራራ ድረስ ይወጣ ነበር፤ ሻስታ ግድብ መንገዱን ዘጋው። አሁን የሚኖረው ከግድቡ በሚለቀቅለት ቀዝቃዛ ውሃ ነው። በ2014 እና በ2015 ድርቅ ሆነ፣ ቀዝቃዛው ውሃ አለቀ። ትልልቆቹ ገብተው እንቁላል መጣላቸው በሬሳ ቆጠራ ታይቷል፤ ከታች ሬድ ብላፍ ላይ ያሉት ወጥመዶች ግን የያዙት ጫጩት ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆነ። 95 በመቶ ገደማ አልቋል። ጠጠር የነገረሽ የሁለቱ ቆጠራ ንጽጽር ማለት ይሄ ነው። ማራቢያ ጣቢያው ከወትሮው በላይ ጫጩት እንዲያወጣ ተደረገ፣ የግድቡ ውሃ አለቃቀቅ ላይም ክርክሩ ከረረ። ገበሬውም ውሃውን ይፈልጋልና ማንም ደስ አላለውም፣ ቢሆንም ሁሉም የሚከራከረው አንድ ቁጥር ይዞ ነበር።

ቦቲዋ፦
ገባኝ። ታዲያ ቅዳሜ ስሄድ አስተባባሪውን ምን ብዬ ልያዘው?

ጠጠር፦
እኛ ወንዝ ላይ የጫጩት ወጥመድ አለ ወይ በይው። ካለ፣ የሁለቱን ቁጥር አንድ ላይ አድርጎ የሚያይ ማን እንደሆነና ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ጠይቂው። ለሁለተኛው መልስ ከሌለው ቅሬታሽ ትክክል ነው፣ ግፊበት።

አንቺም ደግሞ እርሳስ ያዢ፣ እስክርቢቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም። ምንም ያላያችሁበትንም ቀን «0» ብለሽ መዝግቢ። ብዙ ጀማሪ ዓሣ ካላየ ቅጹን ባዶ ይተወዋል፣ ከዓመት በኋላ ቢሮ የተቀመጠው ሰው ዓሣ ጠፍቶ ይሁን እናንተ ቀርታችሁ በምን ያውቃል?