ለቪትዝ እግር መጀመሪያ ምን ይቀየር? ሾክ፣ ሞላ ወይስ ስፔሰር?

ነጭ_ቪትዝ፦
ሰላም ጓዶች አንድ ነገር ላማክራችሁ። የ2008 ቪትዝ አለችኝ፣ ባለ 1.0 ሞተሯ፣ ኬኤስፒ 90 የሚሏት። ሰፈራችን ውስጥ ውስጡን ኮብልስቶን ነው፣ መውጫው ላይ ደግሞ ማን እንደሰራው የማይታወቅ ጉብታ አለ፣ ከኋላ ሶስት ሰው ከጫንኩ ሆዷ ይፈገፈጋል። እሱ አልበቃ ብሎ በአዳማው ፈጣን መንገድ 100 ስነዳት መሪው ይዋልላል፣ ከባድ መኪና ባጠገቤ ሲያልፍማ ባትነግሩኝ ይሻላል። እና እግሯን ላሰራላት 30 ሺ ብር አካባቢ ይዣለሁ። አንዱ መካኒክ ስፔሰር (መኪና ከፍ ለማድረግ የሚገባ ጭማሪ ቁራጭ) አስገባና ከፍ ትበል ይለኛል፣ ጓደኛዬ ደግሞ ቲክቶክ ላይ አይቶ ሞላዋን አስቆርጠህ ዝቅ አድርጋት፣ ባለ 16 ቸርኬ ግጠምላት፣ መንገድ ትይዝልሃለች ይላል። በዚህ ብር እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

ቀይ_ክሪክ፦
ወንድሜ ለጊዜው ሁለቱንም አትስማ። ሶማሌ ተራ ወርደህ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት መኪናዋን ክሪክ ላይ አስነሳና ታቿን አሳይ። በዚህ ዕድሜዋ ቡሽንጎቹ (የእግሯ መገጣጠሚያ ላይ ያሉት ጎማዎች) ካልተቀየሩ ደርቀው ተሰነጣጥቀው ነው የምታገኛቸው፣ መሪ ሲዋልል ሁሉም ሰው ሾክ ሾክ ይላል፣ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የፊቱን ሎወር አርም (እግሩን ከታች የሚይዘውን ብረት) የኋለኛውን ቡሽንግ ነው። እሱ ሲበላ ፍሬን ስትይዝ እግሩ ወደኋላ ይሄዳል፣ ነዳጅ ስትሰጥ ወደፊት ይመለሳል፣ አላይመንት ቤት (የጎማ አቅጣጫ የሚያስተካክሉበት) ቆማ ስትለካ ልክ ናት፣ መንገድ ስትወጣ ግን የለም።

ሾኩን ደግሞ ቦዲውን በእጅ ገፍቶ ስንቴ ነጠረ ብሎ የሚፈርድልህ ካለ ብዙም አትመነው፣ ዘይት አርጥቦታል ወይ፣ ጎማህስ ዙሪያውን ቦታ እየመረጠ ተበልቷል ወይ፣ እሱን እይ።

እኔ ብሆን ጎማ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ቡሽንግና ስታቢላይዘር ሊንክ (ስታቢላይዘር ባሩን፣ ማለትም መኪናዋ እንዳታዘነብል የሚይዘውን ዘንግ፣ ከእግሩ የሚያገናኘው አጭር ብረት ነው፣ ርካሽ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ያለው ኳኳታ ግማሹ የሱ ነው)፣ ከዛ ሾክ፣ ሞላ መጨረሻ። ሾክ ስትቀይር ሁሌም በጥንድ፣ ወይ ሁለቱን የፊት ወይ ሁለቱን የኋላ፣ አንድ ለብቻ የለም። የፊቱ ሞላው ሾኩ ላይ ስለተቀመጠ በሞላ መጭመቂያ ነው የሚፈታው፣ ስለዚህ አንዴ ከተፈታ ከላይ ያለውን መቀመጫ ከነኩሽኔታው እና ሾኩ ላይ ያለውን መግቻ ጎማ አብረህ ቀይር፣ የእጅ ዋጋ ሁለቴ ለምን ትከፍላለህ። የኋላው ቀላል ነው፣ ሞላው ለብቻው ሾኩ ለብቻው ነው።

ሞላ መቁረጥ የሚለውን እርሳው። ሞላ ሲያጥር ይጠጥራል፣ ሾኩ ግን የተሰራው ለድሮው ሞላ ነው፣ አይገታውም። የተቆረጠው ጫፍም መቀመጫው ላይ በደንብ አይገጥምም፣ ጉድጓድ ላይ እግሩ ሲንጠለጠል ሞላው ይላላል። በእሳት አሙቀን እናስተኛዋለን የሚሉህ ደግሞ ብረቱን ነው የሚገድሉት።

ልደታ_ልጅ፦
ቀይ ክሪክ ሌላው ሁሉ ልክ ነህ፣ ስፔሰሩን ግን አታስፈራራው ባክህ። እኔ ራይድ ነው የምሰራው፣ ኤርፖርት ሰው ከነሻንጣው ስጭን በፊት እያንዳንዱ ጉብታ ላይ ጥርሴን ነክሼ ነበር የማልፈው፣ ስፔሰር ካስገባሁ ወዲህ ሰላም ነው። ደግሞ ልጁ የጠየቀው ሆዷ ነካ ብሎ ነው፣ አዲስ ሾክ እኮ መኪና ከፍ አያደርግም።

ቀይ_ክሪክ፦
እሱስ እውነትህን ነው፣ ከፍታውን የሚይዘው ሞላ ነው። ስፔሰር አታስገባ አላልኩም፣ ከ2 ሳንቲ አይለፍ ነው የምለው። ከዛ በላይ ሲሆን ሲቪ ጆይንቱ (ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው መገጣጠሚያ) እና ቦል ጆይንቱ (አርሙን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው) ተንጋደው ነው የሚሰሩት፣ ቶሎ ያልቃሉ። ያንተ ከላይ ሾክ መቀመጫና ቦዲው መሃል የገባው ከሆነ ደህና ነው። የማልወደው ሞላው ጥምዝ መሃል የሚሰነቅሩትን ጎማ ነው፣ አንዱን ጥምዝ ስራ ያስፈታዋል፣ ሸክሙ ሌሎቹ ላይ ይወድቃል፣ ሾኩም ቆማ እያለች ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ ጉድጓድ ስትገባ ጫፉ ድረስ ተስቦ ቋ ይላል።

እና ነጭ ቪትዝ፣ ስፔሰር ከማሰብህ በፊት መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመህ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ አራቱንም ለካ። የኋላው ሞላ ዓመታት ሰው ተሸክሞ ወርዶ ከሆነ ስታንዳርድ አዲስ ሞላ ብቻ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል።

አሌክሳንድሪያ_ቪኤ፦
ከቨርጂኒያ ነኝ፣ ያሪስ ነው የምነዳው ያው ቪትዝ ማለት ነው። እኔ ዝቅ የሚያደርግ ሞላና የኋላ ስታቢላይዘር ባር ገጥሜ ሃይዌይ ላይ ጥፍር አድርጋ ነው የምትይዘው፣ ልጆቹ ኮይልኦቨርም (ከፍታው የሚስተካከል ሾክና ሞላ በአንድ) ይገጥማሉ። ግን አዲስ አበባ ስመጣ የወንድሜን መኪና ነድቼ ስላየሁት ለናንተ ኮብልስቶን አልመክርም፣ ጎማው ወደላይ ወደታች የሚጫወትበት ቦታ ካላገኘ ድብደባው በቀጥታ ለቦዲው ነው። ባለ 16 ቸርኬውም እንደዛው፣ የጎማው ግድግዳ ይሳሳል፣ አንድ ጉድጓድ ቸርኬ ያጣምማል። ያለህ ጎማ 165/70 ባለ 14 ከሆነ 175/65 ባለ 14 ግባ፣ ቁመቱ ከሞላ ጎደል እኩል ነው፣ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ይበቃሃል። አንድ ነገር ደግሞ፣ ከዚህ በሻንጣ ሾክ አስመጣለሁ ካልክ የመኪናህን ቻሲ ቁጥር ላክና ተጣርቶ ይገዛ፣ የኛው ያሪስ ባለ 1.5 ነው፣ መልኳ አንድ ነው ብለህ እንዳትሸወድ።

ነጭ_ቪትዝ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ አስነስቼ አየኋት። የግራ የፊት ሾክ ዘይት አርጥቦታል፣ የሁለቱም ጎን አርም ቡሽንግ ተቀዷል፣ ይባስ ብሎ ጎማዎቹ ሁለቱ ሌላ ሁለቱ ሌላ ሳይዝ ናቸው፣ የገዛኋት ጊዜ ማንም አልነገረኝም። ቁመቷ ግን ያን ያህል አልወረደም። አንዱ ሱቅ ካያባ ሾክ አለ ካርቶኑም ያምራል፣ ሌላው ደግሞ የድሮውን ቀድጄ ዘይት ሞልቼ በርካሽ ላድስልህ አለኝ። ምን ይሻላል?

ቀይ_ክሪክ፦
የሚታደሰውን ተወው፣ ዘይቱን ቢሞላውም ጋዙን አይመልስልህም፣ ውስጡ ያለው ቫልቭም ያረጀው ያው ነው። ካያባ ጥሩ ነው፣ ኤክሴል ጂ የሚለው ለኛ ስራ ይበቃል፣ ግን ካርቶን አይተህ አትግዛ። ጋዝ ያለው ሾክ ብረቱ በማሰሪያ ተይዞ ነው የሚመጣው፣ ባለሱቁ ፊትህ ይፍታልህ፣ ሲፈታ ራሱ ቀስ ብሎ ወደላይ ይወጣል። ገፍተኸው እዛው ተኝቶ ከቀረ ለባለሱቁ መልስለት። ከመገጠሙ በፊትም ቀጥ አድርገህ ያዝና ጥቂት ጊዜ እስከ መጨረሻው ገፋ ሳብ አድርገው፣ ውስጥ ያለው አየር ይውጣ።

በብርህ የፊት ሁለት ሾክ ከነመቀመጫው፣ ቡሽንግ፣ ሊንክ። ከተረፈ ሁለት ጎማ ግዛና አራቱንም አንድ ሳይዝ አድርጋቸው፣ የኋላ ሾክ ይቆይ። ስፔሰሩን ደግሞ ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሆዷ አሁንም ከነካ ያኔ እናወራለን።

አንድ ነገር ግን መካኒክህ ላይ ቁምለት። የቡሽንጉን ብሎን መኪናዋ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ እያለች እስከ መጨረሻው እንዳያጠብቀው። መጀመሪያ በእጅ ያስይዘው፣ ጎማዋ መሬት ረግጦ ክብደቷን ከያዘች በኋላ ያጥብቀው። ካልሆነ የቡሽንጉ ጎማ ተጠማዝዞ ይታሰርና አዲሱም ቶሎ ይቀደዳል፣ ከዛ ዕቃው ፌክ ነው ይሉሃል። አላይመንት ሁሉም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው፣ አሁን ሄደህ ብር እንዳትከፍል።