የጋራ ፕሮፖዛል ዝግጅት፦ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሱፐር ኮምፒዩተርና የመረጃ ማከማቻ አገልግሎት ስለ መጠየቅ

የአርቃቂ ቡድኑ ሰብሳቢ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የላካችሁትን አስተያየት በሙሉ ተመልክተናል። ረቂቁ ማኅበሩ የራሱን ክላስተር፣ ማለትም እንደ አንድ ማሽን ተያይዘው የሚሠሩ ኮምፒዩተሮችን፣ እንዲገዛ የሚጠይቅ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ግን ማሽኑ ከተተከለ በኋላ የኤሌክትሪኩንና የማቀዝቀዣውን ወጪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያስተዳድሩትን ባለሙያዎች ደመወዝ ማን እንደሚሸፍን ጠይቃችኋል። ጥያቄያችሁ ተገቢ ሆኖ ስላገኘነው፣ ቡድኑ በሥራ ላይ ካለ ማዕከል ድርሻ ወደ መጠየቅ ዞሯል። በፊንላንድ ካያኒ ከተማ የሚገኘው ሉሚ የተባለው ሱፐር ኮምፒዩተር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ከወጪው ከፊሉን የአውሮፓ የጋራ ተቋም የሆነው ዩሮኤችፒሲ፣ ቀሪውን ደግሞ የበርካታ አገሮች ጥምረት የሸፈኑት ሲሆን፣ እያንዳንዱ የጥምረቱ አባል ባዋጣው መጠን የመጠቀሚያ ጊዜ ያገኛል።

አሁን ከእናንተ የምንፈልገው የፍላጎታችሁን መጠን ነው። የማስያ ጊዜን በኮር ሰዓት፣ ማለትም አንድ ኮር (የፕሮሰሰር አንዱ የማስያ ክፍል) ለአንድ ሰዓት በሚሠራው ልክ ግለጹልን፤ 64 ኮሮችን ለ24 ሰዓት የሚይዝ አንድ ሥራ 1,536 የኮር ሰዓት ይፈጃል። ጂፒዩ (ብዙ ስሌቶችን በአንድ ጊዜ የሚያከናውን የግራፊክስ ፕሮሰሰር) የምትጠቀሙ የጂፒዩ ሰዓቱን ለብቻው አስቀምጡ።

የዘረመል ጥናት ክፍል ተመራማሪ

ክቡር ሰብሳቢ፣ የረቂቁን አቅጣጫ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ማከማቻ በመጨረሻው ገጽ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መጠቀሱ አሳስቦኛል። በእኛ ሙያ አስቀድሞ የሚያልቀው የማስያ ጊዜው ሳይሆን የዲስኩ ቦታ ነው። የአንድ ሰው ሙሉ ዘረመል በ30 እጥፍ ሽፋን፣ ማለትም እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ 30 ጊዜ ሲነበብ ጥሬ መረጃው ወደ 100 ጊጋባይት ይጠጋል። ስለዚህ 500 ናሙና ያለው አንድ መካከለኛ ጥናት ገና ትንተናው ሳይጀመር 50 ቴራባይት ይወስዳል፤ በትንተናው ሂደት የሚፈጠሩት ጊዜያዊ ፋይሎች ደግሞ ይህን መጠን እጥፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። የማስያ ጊዜ ተፈቅዶለት መረጃውን የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣ ተመራማሪ የተፈቀደለትን ጊዜ ሳይጠቀምበት ያልፍበታል። ማከማቻ በፕሮፖዛሉ ውስጥ ከማስያ ጊዜው እኩል ራሱን የቻለ ክፍል እንዲሆን እጠይቃለሁ።

የክላስተር አስተዳደር ባለሙያ

በቀደመው አስተያየት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ሆኖም ቴራባይት መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ማከማቻ አንድ ዓይነት አይደለም። ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ የሚያገለግለው ፈጣኑ ማከማቻ ውድ ነው፤ አብዛኞቹ ማዕከላትም በዚያ ያረፈ ፋይል ለተወሰኑ ሳምንታት ካልተነካ ያጠፉታል፣ ቅጂም አይዙለትም። ፕሮጀክቱ እስኪያልቅ የሚቆየው ማከማቻ ሌላ ነው፤ ለዓመታት የሚቀመጠው መረጃ ደግሞ በአብዛኛው በቴፕ ላይ ያርፋል። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት የሚያውቁት ፋይላቸው ከጠፋ በኋላ መሆኑን በሥራዬ ደጋግሜ ስላየሁ፣ የፍላጎት መጠየቂያ ቅጹ ሦስቱን ለየብቻ ሊጠይቅ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የደረሰውን ማስታወስም ተገቢ ነው። የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጅ አንድ ፕሮግራም ያረጁ የመዝገብ ፋይሎችን ብቻ ማጥፋት ሲገባው፣ በተፈጠረበት ስሕተት ወደ 77 ቴራባይት የሚሆን የተመራማሪዎች መረጃ አጠፋ፤ የጠፉት ፋይሎችም 34 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ማዕከሉ ቅጂ ይይዛል ወይም አይዝም የሚለው ጉዳይ በስምምነቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ የማይተካ መረጃ ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ቦታ ይኑረው።

ሌላው የኔትወርኩ ጉዳይ ነው። ከላይ የተጠቀሰውን 50 ቴራባይት በሴኮንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለማሻገር፣ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ቢለቀቅ እንኳ ከ4 ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል፤ መስመሩ ከሌሎች ጋር ሲጋራና መሃል ላይ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ መረጃ ለማስተላለፍ ብቻ የተመደበ ሰርቨር እንጠይቅ። በመጨረሻም፣ የፋይሎችን ብዛት ከመጠናቸው ለይታችሁ አስታውቁ። እንደ ሉስተር ባሉ የፋይል ሥርዓቶች የፋይሎችን ስምና መገኛ የሚመዘግበው ሰርቨር ይዘታቸውን ከሚይዙት የተለየ በመሆኑ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ቦታው ሳይሞላ ማዕከሉን በሙሉ ሊያዘገዩት ይችላሉ።

የአየር ንብረት ተመራማሪ

አንድ አጭር ሐሳብ አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ያለውን የዓለም አየር ሁኔታ በየሰዓቱ የሚያሳየውን ኢአርኤ5 የተሰኘ የመረጃ ስብስብ ብዙዎቻችን እንጠቀማለን፤ እያንዳንዳችንም የየራሳችንን ቅጂ እናወርዳለን። ለሁሉም የሚሆን አንድ የጋራ ቅጂ በማዕከሉ ቢቀመጥ የምንጠይቀው ቦታ በእጅጉ ይቀንሳል።

የዶክትሬት ተማሪ አባል

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ ስለ አመልካቾች ጥቂት ልናገር። ባለፈው ዓመት 2,000 የኮር ሰዓት ለማይሞላ የሙከራ ሥራ ለአንድ ማዕከል አሥር ገጽ ማመልከቻ ጽፌ፣ መልሱ የደረሰኝ የመመረቂያ ጽሑፌን ካስረከብሁ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደ እኔ ያሉ ባልደረቦቼ ማመልከቱን ትተው በላፕቶፕ ሲታገሉ አያለሁ። በአሜሪካ ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ የሚሠራው አክሰስ የተባለው ፕሮግራም ድልድሉን በአራት ደረጃ ከፍሎታል፤ ትንሹ ደረጃ የሥራውን አጭር መግለጫ ብቻ ሲጠይቅ፣ ትልቁ በባለሙያዎች የሚገመገም ሙሉ ማመልከቻ ይፈልጋል። እኛም ከማዕከሉ በምናገኘው ድርሻ ውስጥ ይህንኑ አሠራር ብንከተል ጀማሪዎች በሩ ይከፈትላቸው ነበር።

የስሌት ሒሳብ መምህር

የተማሪያችን አቤቱታ እውነት ነው፤ እደግፈዋለሁም። ሥጋቴ ትልልቆቹን ጥያቄዎች ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1967 በቀረበው የአምዳል ሕግ መሠረት፣ ከአንድ ፕሮግራም ውስጥ 5 በመቶው ለብዙ ኮሮች ሊከፋፈል የማይችልና በተከታታይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ስንት ሺህ ኮር ቢሰጠው ፍጥነቱ ከ20 እጥፍ በላይ አይጨምርም። ስለዚህ ብዙ ኮር የሚጠይቅ ሁሉ ፕሮግራሙ በ16፣ በ64 እና በ256 ኮር ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚያሳይ የሙከራ ውጤት ያያይዝ። ለዚህ ሙከራ የሚያስፈልገው ጊዜም ከትንሹ ደረጃ ሊወሰድ ይችላል፤ ሁለቱ ደረጃዎች የሚያያዙት በዚህ ነው።

የአርቃቂ ቡድኑ ሰብሳቢ

ባልደረቦቼ፣ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ረቂቁ በእናንተ ሐሳብ ተሻሽሏል። የሁለተኛው ክፍል አዲሱ አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «ማኅበሩ የማስያ ጊዜና ማከማቻ በአንድነት እንዲፈቀዱለት ይጠይቃል። ማከማቻው የሥራ፣ የፕሮጀክትና የረጅም ጊዜ ተብሎ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱም የቆይታ ጊዜውና ቅጂ የሚያዝለት መሆን አለመሆኑ በስምምነቱ ላይ ይሰፍራል። ከድርሻው አንድ አሥረኛው በአንድ ገጽ መግለጫ ለሚቀርቡ አነስተኛ ጥያቄዎች ይመደባል፤ ለትልልቅ ጥያቄዎች የፍጥነት ሙከራ ውጤት ግዴታ ነው።» የማስተላለፊያ ሰርቨሩና የጋራ ቅጂው በሦስተኛው ክፍል ገብተዋል። አንድ አሥረኛ የሚለው በእኔ ግምት የተቀመጠ ስለሆነ ተከራከሩበት።

ያልተቋጨው ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ መረጃውን ማን ይረከባል የሚለው ነው። የክላስተር አስተዳደር ባለሙያችንና የዶክትሬት ተማሪ አባላችን በጋራ አንድ አንቀጽ እንዲያረቁልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ሌሎቻችሁ የፋይል ብዛትን የሚጠይቀው ዓምድ የተጨመረበትን ቅጽ እስከ ዓርብ ሞልታችሁ ላኩልን፤ ድምሩን የምንሠራው በእጃችን በገቡት ቅጾች ብቻ ነው።