ክረምት በመጣ ቁጥር የሚዝግ የመሣሪያ ሳጥን፦ ምን ልግዛ፣ እንዴትስ ላስቀምጥ?

ጥያቄ፦ የአያት ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ በምኖርበት ግቢ ውስጥ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ የተሠራ፣ ሦስት ጎኑ በብሎኬት የተዘጋ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ 3 በ5 ሜትር ክፍል አለኝ። መኪናዋን ውጭ ማሳደር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ክፍሉን ለእሑድ ሥራ አዋልኩት። እዚያ ወንበርና መደርደሪያ እሠራለሁ፣ የቤት ዕቃ እጠግናለሁ፣ የ2004 ሞዴል ኮሮላዬን ዘይትና ካንዴላ እቀይራለሁ።

ሥራውን ብወደውም መሣሪያዎቼ አስቸግረውኛልና ልምድ ያላችሁን ልጠይቅ። በመጀመሪያ፣ ዋጋው ስለሳበኝ ከመርካቶ 108 ፍሬ ያለው የቡሶላ (ዳዶ ላይ ተጠልቆ የሚፈታ ቁልፍ) ሳጥን ገዝቼ ነበር፤ በሁለተኛው ወር የባትሪውን ዳዶ ልፈታ ስል ባለ 10ሩ ተንሸራትቶ የዳዶውን ማዕዘን አድበለበለው። ሌላ የተሟላ ሳጥን ልግዛ ወይስ አንድ በአንድ ልሰብስብ? ሁለተኛ፣ ያለኝ ሁሉ በአንድ ትልቅ የብረት ሳጥን ውስጥ ስለተከመረ ፒንሳ ስፈልግ ግማሽ ሰዓት የማጠፋበት ጊዜ አለ፤ የቀድሞውን ባጣሁ ቁጥር የገዛሁት ሜትር አሁን ሦስት ደርሷል። ሦስተኛውና ይበልጥ ያሳሰበኝ ዝገት ነው፤ ባለፈው ነሐሴ ሳጥኑን ስከፍተው መሮዎቼ በርበሬ የተነሰነሰባቸው መስለው ነበር። ከእነዚህ ጋር አባቴ የተዉልኝ መዶሻ አለ፤ በበጋ ብረቱ ከእጀታው ይላላል፣ እርሳቸው ያደርጉ እንደነበረው ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ለሳምንት ያህል ጠብቆ ይቆይና ተመልሶ ይላላል። መላ ያላችሁ እንድትነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ጡረተኛ የእጅ ሙያ መምህር

ወንድሜ፣ እኔ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ዝገቱ ሳይቆም የሚገዛ አዲስ መሣሪያ ለከርሞ መዛጉ አይቀርምና። ብዙ ሰው መሣሪያን የሚያዝገው ዝናብ ይመስለዋል፤ ዝናቡ ግን እርስዎ ክፍል ውስጥ አይገባም። እርጥበቱ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። የሲሚንቶ ወለል ከሥሩ ካለው አፈር ውሃ እየመጠጠ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይለቀዋል፤ በላዩ የተቀመጠ የብረት ሳጥንም ያንን እርጥበት ከታች ይቀበላል። ሌላው ከላይ የሚመጣው ነው፦ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ቆርቆሮው ከአየሩ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ሊነጋጋ ሲል በውስጥ በኩል ያልበዋል፤ መሣሪያውም ራሱ ብረት ስለሆነ፣ ፀሐይ ወጥታ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር በበሩ ሲገባ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ውሃ ያዝላል።

ስለዚህ ሳጥኑን ከወለሉ 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው በእንጨት ርብራብ ላይ ያስቀምጡት፤ መሣሪያ የሚሰቅሉበትን ሰሌዳም ከብሎኬቱ ጋር በቀጥታ አያጣብቁት፤ በመካከል ሞራሌ ገብቶበት አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይኑረው። አቅም ከፈቀደ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማሠራት እኔ ከማውቀው ዘይት ሁሉ ይበልጣል። ከሥራ በኋላ ደግሞ የሞተር ዘይት በነካ ጨርቅ ብረቱን ማበስ ልማድ ያድርጉ፤ የእጅ ላብ ጨው ስላለው ጣት ያረፈበት ቦታ ቀድሞ ሲዝግ ያዩታል። የምግብ ዘይት ግን አይጠቀሙ፤ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

የዛጉትን መሮዎች አይጣሏቸው። እጀታቸውን ሳያስነኩ ብረቱን ብቻ አቼቶ ውስጥ ያሳድሩት። በማግስቱ ዝገቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ በሽቦ ብሩሽ ሲነካ ይለቃል፤ ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥበው ወዲያው ያድርቁ፣ ወዲያው ዘይት ይቀቡ። «ወዲያው» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታጥቦ ምሳ እስኪበላ የተተወ መሮ ተመልሰው ሲያዩት ቢጫ ለብሶ ይጠብቅዎታል። ክሮም የተቀባ ቁልፍ አቼቶ ውስጥ አይገባም፤ የቀረውንም ቢሆን ለቀናት ከረሱት ጤነኛውን ብረት ይበላዋል።

ስለ መዶሻው፣ የእርስዎ አባት ያደርጉት የነበረውን የእኔም አባት ያደርጉት ነበር፤ ሁለቱም ተሳስተዋል ለማለት ድፍረቱን ያገኘሁት በስተርጅና ነው። ውሃ የጠጣ እጀታ ያብጣል፤ የብረቱ ቀዳዳ ግን ስለማይሰፋለት እንጨቱ እዚያው ይጨፈለቅና ሲደርቅ ከቀድሞው ቀጥኖ ይገኛል። በየዓመቱ የሚብሰው ለዚህ ነው። መዶሻውን ብረቱ ወደ ታች ሆኖ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ይያዙትና የእጀታውን ጫፍ ከላይ በእንጨት መዶሻ ይምቱት፤ ብረቱ በክብደቱ ባለበት ሲቀር እጀታው ወደ ውስጥ ይገባለታል። ከዚያ በአናቱ ባለው ስንጥቅ ከደረቅ ጠንካራ እንጨት የተጠረበ ሽብልቅ ያስገቡ፣ የተረፈውን በመጋዝ ይቁረጡ፣ አናቱን የተልባ ዘይት ያጠጡት። እጀታው ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ወይራ ፈልገው አዲስ ያስገቡ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልለው ጥግ ላይ አይተዉ፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

መልስ፦ የቃሊቲ መካኒክ

መምህር ስለ ዝገት በተናገሩት ላይ የምጨምረው የለኝም፤ እኔ ስለ ቁልፉ ልናገር። 108 ፍሬ ማለት 108 የሚሠራ ቁልፍ ማለት አይደለም፤ ሳጥኑን ከፍተው ቢቆጥሩ ብዙው ትንንሽ የካቻቪቴ ጫፍና ለእርስዎ መኪና የማይሆን የኢንች ልክ ሆኖ ያገኙታል። ቁልፍ የሚመረጠው በሚፈታው ብሎን ነው። በኮሮላ ላይ በብዛት የሚያጋጥምዎት 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ሚሊሜትር ነው፤ የባትሪው 10፣ የዘይት ማፍሰሻው 14፣ የካንዴላው 16፣ የጎማው 21 ነው። ባለ 13 ቁልፍ በአውሮፓ መኪና ላይ ዋና ሲሆን በእርስዎ ላይ ሥራ ፈት ይሆናል። ስለዚህ ሌላ ሳጥን አይግዙ፤ እነዚህን ልኮች ብቻ፣ አንድ ጫፋቸው ክፍት ሌላው ቀለበት የሆነውን ቁልፍና ቡሶላውን፣ ደህና ዓይነት ይግዙ። የቀረውን ሥራው ራሱ ሲጠይቅዎ ይጨምራሉ።

ዳዶውን ያድበለበለብዎ ምናልባት ጥራቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ቡሶላውን ወደ ብርሃን አዙረው ውስጡን ይመልከቱ። ባለ 12 ማዕዘን ከሆነ ዳዶውን የሚይዘው በጫፍ በጫፉ ስለሆነ ትንሽ የዛገ ሲያጋጥመው ይዘላል፤ ባለ 6 ማዕዘኑ ግን በዳዶው ጠፍጣፋ ጎኖች ላይ ስለሚቀመጥ በጥንቃቄ የያዘውን አይለቅም። ለቤት ሥራ ባለ 6 ማዕዘኑን ይምረጡ። ሊገዙ ሲሄዱ አዲስ የ10 ቁጥር ብሎን ኪስዎ ውስጥ ይያዙ፤ ቁልፉን ሱቁ ውስጥ አጥልቀው ግራና ቀኝ ይወዝውዙት። እየተንቀጫቀጨ የሚጫወት ከሆነ፣ ሻጩ ስለ አገሩ የፈለገውን ቢምል፣ አመስግነው ይውጡ። ምናለሽ ተራም ቢሆን የአሮጌ ደህና ቁልፍ አገር ነው፤ አፉ ያልተከፈተ፣ ብየዳ ያልነካው መሆኑን ብቻ አረጋግጠው ይግዙ።

ካቻቪቴን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በጃፓን መኪናና ሞተር ሳይክል ላይ ያለው ባለ መስቀል ብሎን ከተለመደው የፊሊፕስ ካቻቪቴ ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም፤ የፊሊፕሱ ጫፍ እስከ ታች ስለማይገባለት ሲጠመዘዝ ወደ ላይ ወጥቶ መስቀሉን ይፍቀዋል። በጃፓን ልክ የተሠራ አንድ ካቻቪቴ ቢኖርዎት ከብዙ ብስጭት ይድናሉ።

መኪናዋ ሥር የሚገቡ ከሆነ በክሪክ ብቻ አይግቡ፤ ክሪክ የሚያነሳ እንጂ የሚሸከም ዕቃ አይደለም፤ ካባሌቶ (የተነሣችውን መኪና የሚሸከም የብረት መቆሚያ) ከሥሯ ሳይገባ ክንድዎ እንኳ አይለፍ። የጎማ ዳዶ በእግር እየረገጡ ማጥበቅም ይቅር፤ የእርስዎ መኪና የሚፈልገው የማጥበቂያ ኃይል 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ የምንለውን ይህን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ከገዙ ደግሞ ከሥራ በኋላ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሰው ያስቀምጡት፤ እንደተወጠረ ከከረመ ውስጡ ያለው ሞላ ይደክምና የሚነግርዎትን ቁጥር ማመን ያቅትዎታል።

መልስ፦ የሐዋሳዋ እንጨት ሠሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአደረጃጀቱ በፊት ያለዎትን ሁሉ ወለል ላይ ሸራ ዘርግተው ያውጡትና ሁለት ዓመት ሙሉ እጅዎ ያልነካውን ለይተው በሌላ ሳጥን ያስቀምጡ። እኔ ይህን ሳደርግ አራት መዶሻ ያለኝ፣ የሚቆርጥ መጋዝ ግን አንድም የሌለኝ ሰው መሆኔን ደረስኩበት።

የቀረውን በዓይነት ሳይሆን በሥራ ይከፋፍሉት። ሜትር፣ ስኳድራ፣ ውሃ ልክና እርሳስ አብረው የሚነሡ ስለሆኑ አብረው ይቀመጡ፤ መሮና መላጊያ ከመሳያ ድንጋያቸው ጋር ይሁኑ፤ የመኪናው ቁልፎች ግን፣ መኪናዋ ውጭ ስለምትቆም፣ ሰሌዳ ላይ ከመሰቀል ይልቅ ተንጠልጥሎ በሚወጣ ትንሽ ሳጥን ውስጥ በበሩ በኩል ቢሆኑ ይመረጣል። ለሰሌዳው ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ሚስማር ከመምታትዎ በፊት ሰሌዳውን ወለል ላይ አጋድመው መሣሪያዎቹን ይደርድሩበት፣ እጅ የሚገባበት ክፍተት ይተዉላቸው፣ ቦታቸውን ደጋግመው ይቀያይሩ። ዘወትር የሚያነሡት ከወገብ እስከ ዓይን ባለው ከፍታ ላይ ይዋል። ከሰቀሏቸው በኋላ የእያንዳንዱን ዙሪያ በጥቁር ቀለም ይሳሉት፤ ማታ በሩን ሲዘጉ ባዶ የፒንሳ ቅርጽ ካዩ፣ ፒንሳው የት እንደቀረ ገና ሳይረሱት ሄደው ያነሡታል። እኔ ደግሞ ዕቃ ላዋስኩት ሰው ስሙንና ቀኑን በወረቀት ጽፌ ባዶው ቅርጽ ላይ እሰቅላለሁ፤ ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፣ አሁን ግን ራሳቸው ይጽፉታል።

ስለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ማንም ስላላነሣ ልጨምር። ወንድሜ ከቨርጂኒያ በባትሪ የሚሠራ ደህና ድሪል አምጥቶልኝ ነበር። የመሣሪያውን ውበት ሳደንቅ የቻርጀሩን ጀርባ ሳላነብ ሰካሁት፤ 120 ቮልት ብቻ ይል ኖሯል፣ የእኛ መስመር ደግሞ 220 ነው። ቡን አለና ክፍሉን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው፤ ድሪሉ እስከ ዛሬ ቻርጀር የለውም። ከውጭ ዘመድ ዕቃ ሲልክልዎ «ከ100 እስከ 240» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳያዩ ምንም አይሰኩ። የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚጠቀሙ ከሆነም እንደ ግራይንደር ያለ ከባድ ነገር ሲያሠሩ ገመዱን እስከ መጨረሻው ይፍቱት፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ላስቲኩ እርስ በርሱ ይቀልጣል።

ጠያቂው፦ የአያት ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቡሶላውን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት፤ እንደተባለው ባለ 12 ማዕዘን ነው። መሮዎቹ ትናንት ማታ አቼቶ ውስጥ ገብተዋል፤ ባለቤቴ አቼቶው ከሰላጣ ላይ መወሰዱን ስላላወቀች ነገሩ በዚሁ ይቆይልኝ። ሳጥኑን ወለል ላይ ስገለብጥ ግን ከሥር ስድስት የብረት መቁረጫ የግራይንደር ዲስኮች አገኘሁ። ምንም አልተነኩም፤ ቀዳዳቸው ዙሪያ ባለው የብረት ቀለበት ላይ 06/2020 ስለሚል ገና ጊዜ አላቸው ብዬ ወደ ሰሌዳው ላወጣቸው ነው። ግራይንደሬ 125 ሚሊሜትር ነው፤ ይስማማሉ?

መልስ፦ የቃሊቲ መካኒክ

እንዳያወጧቸው! ቀኑ የማብቂያው ሲሆን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ካለፈ ቆይቷል። ዲስኩን አጣብቆ የያዘው ሙጫ በጊዜና በእርጥበት ስለሚደክም ሠሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ከተሠራበት ቀን አንሥቶ ሦስት ዓመት ብቻ ይሰጡታል፤ የእርስዎ ደግሞ ክረምት ከክረምት በላቡ ሳጥን ሥር የተኛ ነው። ባለ 125 ዲስክ በደቂቃ እስከ 12,200 ጊዜ እንዲዞር ተብሎ የሚሠራ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ሲፈነዳ መነጽር ብቻውን አይመልሰውም። አዲስ ሲገዙም ዲስኩ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ግራይንደሩ ላይ ከተጻፈው የማያንስ መሆኑን ያረጋግጡ፣ መከለያውንም «ያስቸግራል» ብለው አይፍቱት። አሮጌዎቹን ሲጥሉ ሁለት ሦስት ቦታ ሰብረው ይጣሏቸው፤ እንዳሉ ካወጧቸው ቆራሌው ይወስዳቸውና የሌላ ሰው ግራይንደር ላይ ይወጣሉ።